የበሩ ሕግ

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም ምን ይበል፣ ዛሬም አልጸጸትበትም። ልቤን ሊሰብረው ትንሽ ሲቀረው እንኳ ተናደድኩ እንጂ አልተጸጸትኩም።

ስብስባችን «ቅዳሜ» ይባላል። የተሻለ ስም ለማውጣት ተቀምጠን ስለተጣላን በዚያው ቀረ። ሶዶ ገበያው አጠገብ፣ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በላይ ባለች ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን። ፕሮግራም የሚጽፍ አለ፣ ኮምፒውተር የሚጠግን አለ፣ ገና ሊማር የመጣም አለ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ስሜ የማርያምወርቅ ነው፤ ወርቄ ይሉኛል።

እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ወርቅ ነው ይባላል። እኛ ዘንድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ብረት ነበር። አዲስ ሰው ሲመጣ ፊት ለፊት አቁመን በእንግሊዝኛ ራሱን እንዲያስተዋውቅ እናደርገዋለን። ከዚያ መሥራቻችን ዳልጮ እጁን አጣጥፎ ይጠይቀዋል፤ ፕሮግራም በምን ቋንቋ ትጽፋለህ፣ ምን ሠርተሃል፣ የሠራኸው የት ይታያል። ሰውዬው ላብ በላብ ሆኖ ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ዳልጮ ክፉ ሰው አይደለም። ክፍሏን በራሱ ገንዘብ ተከራይቶ የጀመረልን እሱ ነው። እሱ ራሱ እየተሰደበ ስለተማረ፣ ትምህርት ያለ ስድብ የሚገባ አይመስለውም።

ሴት ስትመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጥያቄ የለም፣ ፈገግታ ብቻ ነው። «ግሩፑ ውስጥ ላስገባሽ» ተብሎ ስልክ ቁጥሯ ይወሰዳል፤ ገና ቤቷ ሳትደርስ «በሰላም ገባሽ?» የሚል መልእክት ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ኢስራ የመጣችው በዚያን ጊዜ ነው። ቤተሰቧ ከስልጤ የመጡ ናቸው፣ አባቷ ጋሽ ጃዕፈር የጅምላ ሱቅ አላቸው። አንድ ቅዳሜ መጥታ ጠፋች። ሱቁ ድረስ ሄጄ ማን እንዳስቀየማት ጠየቅኳት።

«ማንም አላስቀየመኝም» አለችኝ፣ የስኳር ኬሻ ተደግፋ። «አቀባበላቸው ነው ያባረረኝ። ወንድሜ ስልኬን ቢያይ ምን እለዋለሁ?»

እዚያው ሱቅ ውስጥ ደሜ ፈላ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተነሥቼ ሕጉን ተናገርኩ። ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው በር ላይ አንድ ተቀባይ ይኖረዋል። ተቀባዩ ወንበር ይሰጠዋል፣ የሚባለውን ያስረዳዋል፣ ከጎኑ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን ማንም ምንም አይጠይቀውም። ተቀባይ ለተቀበለው ሰው የፍቅር ነገር አያነሣም፤ ያ ሰው ራሱ በተራው ሌላ አዲስ ሰው እስኪቀበል ድረስ። ያን ቀን እንግዳነቱ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ፍጥርጥራቸው። ይህን ያፈረሰ ሦስት ወር ከስብስቡ ይወጣል፤ ሲመለስም እንደ ማንኛውም አዲስ ሰው ከበር ይጀምራል።

«ይሄ ስብሰባ ነው ወይስ ገዳም?» አለ ዳልጮ።

«ገዳም ቢሆን እናንተን ማን ያስገባችሁ ነበር» አልኩት።

ሕጉ ያለፈው ሁሉም አምኖበት አይደለም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሁሉም ወደ ቤቱ ቸኩሏል። ብቻ አለፈ። ኢስራ ተመለሰች፣ እሷን አይተው ሌሎች ሴቶች መጡ። ወንዶቹም አንዴ መጥተው መቅረታቸውን ተዉ። በሩን እኔ ያዝኩ።

ወልደመስቀል የመጣው ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው። በብረቱ ደረጃ የሚወጣ እግር ሰማሁ። ቆመ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። በሩን ብከፍት አንድ ረጅም ሰው ጫማውን በደረጃው ጠርዝ ይጠርጋል። ጭቃው ግን ከጫማው አልፎ ጉልበቱ ደርሷል።

«እህቴ፣ ይቅርታ» አለ። «እዚህ ምንም የማያውቅ ሰው ይገባል?»

«እሱን ነው የምንፈልገው» አልኩት። «ሳሮ፣ ግባ።»

በወላይትኛ ሰላም ስለው ተወጥሮ የነበረው ትከሻው ረገብ አለ። ከጎኔ አስቀመጥኩት። ዳልጮ አንገቱን አስግጎ «ወንድም፣ በምን ትጽፋለህ?» ብሎ ሲጀምር፣ በመጀመሪያ ቀን ጥያቄ እንደሌለ አስታወስኩት። ወልደመስቀል ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «በእስክሪብቶ» አለኝ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። ሳቄን ለመዋጥ የግድግዳውን ቀለም ስመረምር ቆየሁ።

ከሃላሌ ነው የመጣው። እዚያ ባዮሎጂ ያስተምራል። የአይሲቲ መምህሩ ሲለቅ ግን ርእሰ መምህሩ «አንተ ወጣት ነህ፣ ስልክ ትነካካለህ» ብለው ያንን ክፍለ ጊዜም ጫኑበት። ከመጽሐፉ እያነበበ አስተማረ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ የሰረዝነው ፋይል የት ይሄዳል ብላ ጠየቀችው። ነገ እነግርሻለሁ አላት። ያ ነገ ሳይመጣ ትምህርት ቤት ተዘጋ።

«ደግማ አልጠየቀችኝም» አለኝ። «ዝም ብላ ታየኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ስለዚህ ክረምቱን ሶዶ፣ አክስቱ ዘንድ ሊከርምና ሊማር መጣ። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ አላፈረም፤ እኔን የገዛኝ ይሄ ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ የማያውቀውን «አላውቅም» የሚል ወንድ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ ራሴ እንኳ አላውቅም ማለት ሲኖርብኝ «ላጣራ» ነው የምለው።

ፋይሉ የትም እንደማይሄድ ነገርኩት። ኮምፒውተሩ ቦታውን «ነፃ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል እንጂ፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው አለ።

«እና የረሳናቸው ሰዎችም እንደዚህ ናቸው?» አለ።

የባዮሎጂ መምህር ግጥም ሲቃጣው አልወድም ብዬ አሾፍኩበት። ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ግን ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው አገኘሁት።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። እሱ ከጎኔ ይቀመጣል፣ ዳልጮ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ እኔ ዝቅ ባለ ድምፅ እተረጉምለታለሁ፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ አማርኛው ሲያልቅብኝ ወደ ወላይትኛ። ሲቸኩል አማርኛው ይምታታበትና እኔን «አንተ» ይለኛል፤ ወዲያው ጆሮው እስኪቀላ ያፍራል። ሲገባው ዓይኑን ከሰሌዳው አንሥቶ እኔ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ሁለታችንም ሕጉን እናስታውሳለን። እሱ ወደ ሰሌዳው፣ እኔ ወደ በሩ እንመለሳለን።

ወደድኩት። ነገሩን አላሽሞነሙነውም። ቅዳሜ እስኪደርስ ሳምንቱ እንደ ሁዳዴ ይረዝምብኛል።

እሱ ግን ሕጉን አከበረ፤ ለዚህም ልገድለው ደረስኩ። ስልክ ቁጥሬን አልጠየቀም። ስብሰባው ሲያልቅ ለሁላችንም እኩል እጅ ነሥቶ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ወላጆቹን ጠይቆ ሲመለስ ሙዝ ይዞ መጣ። ለሁሉም አደለ፤ ለእኔ የደረሰችኝ ከሁሉም ትንሿ ነበረች። ኢስራ እጄ ላይ ያለችውን ሙዝ አይታ «እንዳያስታውቅበት ነው፤ በጣም ይወድሻል ማለት ነው» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን አላመንኩም። ጨዋ የሆነ ሰው ሁሉ አፍቃሪ አይደለም፤ ምናልባት በቃ ጨዋ ብቻ ይሆናል።

ቤታችን ውስጥም ወሬው ገባ። አንዲት ጎረቤት ለእናቴ፣ ልጅሽ በር ላይ ቆማ ወንድ ትቀበላለች ብላ ነገረቻት። እናቴ ወሰንየለሽ፣ «ሰው ምን ይላል» የምትል ሴት ናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳልሄድ ለመነችኝ። እኔ ደግሞ በር ላይ የቆምኩት ሌላዋ ሴት ሳትፈራ እንድትገባ ነው አልኳት። አልገባትም። ወጣሁ፤ በሩን ግን ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት።

ነገሩ የፈነዳው ለጊፋታ ሲቃረብ ነው። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ቂም ተይዞ አይገባበትም። የተጣላ ይታረቃል፣ በሆዱ የያዘውም ይናገራል። እኛም ከበዓሉ በፊት ያለውን ቅዳሜ ለዚህ እንተወዋለን። ኮምፒውተር አይከፈትም፤ ዓመቱን ያስቀየመን ነገር ይነገርና ይቅር ተባብለን እንለያያለን። በዚያ ቀን የተጠየቀ ሰው መዋሸት የለበትም። ዋሽቶ በዓሉን ማን ይበላል?

ዳልጮ ተነሣ። ቅሬታው በሕጉ ላይ እንደሆነ ተናገረ። አንድ ተቀባይ ሕጉን አፍርሷል፣ ሁሉም እያየ ዝም ብሏል፣ ስለዚህ ሕጉ ዛሬ ይሰረዝና ወደ ቀድሞው እንመለስ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ወርቄ፣ ጊፋታ ነው። ይሄን ልጅ ትወጂዋለሽ ወይስ አትወጂውም?»

ወልደመስቀል መሬት መሬት ያያል። ኢስራ፣ ከእሷም አጠገብ በሕጉ ተማምነው የመጡት ሴቶች ሁሉ እኔን ያያሉ። አልወደውም ብል ሕጉ ይተርፋል፤ ግን በውሸት የተረፈ ሕግ ነገ ለማን ይሆናል? እወደዋለሁ ብል በዚያች ደቂቃ አፈረስኩት ማለት ነው። ዳልጮ ይህን አስቦ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እወደዋለሁ» አልኩ። «እስከ አሁን ግን አንድ ቃል አልነገርኩትም። እሱም የሰማው ዛሬ ነው፣ ከእናንተ እኩል።»

«አሁንማ ነገርሽው» አለ ዳልጮ። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።»

«አይቀርም» አልኩት። «ስለዚህ ቅጣቱን እወስዳለሁ። ሕግ የሚሰረዘው ያፈረሰው ሰው ሳይቀጣ ሲቀር ነው። እኔ ተቀጥቻለሁ። ሕጉን ንኩትና እንተያያለን።»

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ያን የብረት ደረጃ ስወርድ ጆሮዬ ኋላዬ ነበር። የሰው እግር ከላይ ቢንቀሳቀስ ይሰማል። ምንም አልተንቀሳቀሰም። ታች ደርሼ ትንሽ ቆምኩ፤ ባጃጅ ፈልጋ የቆመች ለመምሰል እየሞከርኩ። ማንም አልወረደም። የመጣልኝ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰልኝ።

ማታ ኢስራ ደወለች። እኔ እንደወጣሁ ዳልጮ ድምፅ አሰጥቶ ነበር። ሕጉ በአንድ እጅ ብልጫ ተረፈ። ወልደመስቀል ተከትሎኝ ቢወርድ ኖሮ ድምፁ እኩል ይሆንና፣ እኩል ሲሆን የሚወስነው ዳልጮ ስለሆነ፣ ይወድቅ ነበር።

ይህን ስሰማ ኮራሁበት፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። እጁን ለሕጉ አነሣ፣ ጥሩ። ለእኔስ?

ትምህርት ተከፈተና ወደ ሃላሌ ተመለሰ። መንገዱ ሲፈቅድለት ግን በማለዳ ሚኒባስ ተነሥቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ፣ እሱ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ አስፋልት አልፎ ወደ ስብሰባዬ ይሄዳል። ኢስራን ላክኋት፤ ማለት፣ አልላክኋትም፣ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ስሙን ሳነሣባት ገባት። ለምን ወርቄን ሄደህ አታያትም ብላ ጠየቀችው።

መልሱን እንዳለ አመጣችልኝ። «የወጣችው ሕጉ እንዲቆም ነው። አሁን ደጃፏ ላይ ሄጄ ብቆም፣ ቅጣቱ ቀልድ ነበር ማለት ነው። ዳልጮ ልክ ነበር ማለት ነው።»

«ይወደኛል አለ?» አልኳት።

«እሱን አላለም» አለችኝ ኢስራ፣ ዓይኔን ሳታይ።

ወልደመስቀል ልክ ነበር። ልክ የሆነን ሰው መውደድ እንዴት እንደሚያቃጥል የሚያውቅ ያውቀዋል። ተሳስቶ ቢሆን እረሳው ነበር።

እናቴ መጀመሪያ ቅዳሜ ቤት በመዋሌ ደስ ብሏት ነበር። ጥቂት ቆይታ የአረካ ሰዎች ለልጃቸው ሽማግሌ ሊልኩ እንዳሰቡ ነገረችኝ። ልጁ መሐንዲስ ነው፣ ቤተሰቡ የታወቀ ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም አይቀርም። ነቀፋ ላገኝለት ሞከርኩ፣ አጣሁ። እንዳይመጡ ግን ንገሪያቸው አልኳት።

«ያ የሃላሌው ምን አለሽ?» አለች።

«ምንም አላለኝም።»

«ምንም ላላለሽ ሰው ነው እንዲህ የምትሆኚው?»

«ለእሱ አይደለም፣ እማዬ። እወደዋለሁ ያልኩት በሰው ፊት ነው። ሽማግሌ ፊት ቀርቤ ሌላ አልልም።»

ሳይደግስ አይጣላም እያለች ጓዳ ገባች። የአረካዎቹ አልመጡም፤ ምን ብላ እንደመለሰቻቸው አልጠየቅኳትም። ከዚያ ወዲህ ግን ጎረቤቷ ስሜን ስታነሣ እናቴ ወሬ እንደምትቀይርባት ታዘብኩ።

ታኅሣሥ ገባ፣ ቅጣቴ አለቀ። ኢስራ አንድ ወሬ ነበራት። ባለፈው ቅዳሜ ወልደመስቀል የመጀመሪያ እንግዳውን ተቀብሏል፤ ቤቴል የምትባል፣ ከዱቦ የመጣች የነርስ ተማሪ። ፈርታ ደረጃው ላይ ስትቆም ሮጦ የወረደው እሱ ነው አለችኝ። ስለዚህ እንግዳነቱ አብቅቷል። ከእንግዲህ ሕጉ በእሱና በእኔ መካከል የለም። ሊነግረኝ የሚፈልገው ነገር ካለ የሚከለክለው የለም፣ ከሌለም የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

ያን ቅዳሜ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እናቴ እያየችኝ ወጣሁ። ደረጃውን ስወጣ ልቤ ከእግሬ ቀድሞ ይወጣ ነበር፤ ግን ቀጥ ብዬ ነው የወጣሁት።

በሩን ይዞ የቆመው እሱ ነው። ከስቷል። ውስጥ ያሉት አንድ በአንድ ዞሩ።

ዳልጮ ከሰሌዳው አጠገብ «መምህር፣ አዲስ ሰው መጥቷል፣ ተራው ያንተ ነው» አለ። ድምፁ ውስጥ ጥላቻ አልነበረም፤ እንዲያውም ወንበር ወደ በሩ ይገፋ ነበር። «ተቀበላት እንጂ።»

ወልደመስቀል ወንበሩን አየው። እኔን አየኝ።

«እሷን አልቀበልም» አለ።

ፊቴ ጋለ። ሦስት ወር የያዝኩት ንዴት በአንዴ ተመለሰ። ዞሬ መውረድ እችል ነበር፤ ግን ያን ደረጃ አንዴ ወርጄዋለሁ፣ ሁለተኛ የሚያወርደኝ የለም።

«ምክንያትህን ተናገር» አልኩት።

«ከተቀበልኩሽ ሕጉ አፌን ይይዘዋል» አለ። «አንቺ ሰው እስክትቀበይ ልጠብቅ ነው። ከእንግዲህ አንድ ቅዳሜም መጠበቅ አልችልም። ኢስራ፣ እባክሽ አንቺ ተቀበያት።»

ኢስራ ቀድሞውኑ ተነሥታ ነበር። ወንበሩን ከዳልጮ እጅ ተቀብላ፣ ሕጉ እንደሚለው «ሳሮ፣ ግቢ» አለችኝ፤ ወላይትኛዋ በስልጤ ቅላፄ ነው፣ ግን ሰላምታው ደረሰኝ። ገባሁ። ሕጉ ተፈጸመ፤ ዳልጮም አንገቱን ነቀነቀ።

ወልደመስቀል ስብሰባው ሲያልቅ ታች ልጠብቅሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«አይሆንም» አልኩት። «እኔ እዚሁ ነው የተናገርኩት። አንተም እዚሁ።»

የሚሸሽበትን አጥቶ አልነበረም፤ መሸሽ አልፈለገም። በሩን ለቆ መጣና ፊቴ ቆመ። ሁሉም እየሰሙ በአማርኛ ነገረኝ። አልበቃው አለና በወላይትኛ ደገመው።